የሕንፃ ገጽና የእድሳት ሥርዓት፤ ከሪያድ የጭቃ ግንቦች እስከ አብያተ ክርስቲያናታችን

በግእዝ ቋንቋ ሐነጸና ሐደሰ የሚባሉት ሁለት ግሦች ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ በምሥጢር ግን የተለያዩ ናቸው። ሐነጸ ማለት ያልነበረውን ሠርቶ አቆመ ማለት ነው፤ ሕንፃ የሚለው ስምም ከዚህ ይወጣል። ሐደሰ ማለት ግን የነበረውንና ያረጀውን ወደ ብርታቱ መለሰ ማለት ነው፤ በአማርኛ አደሰ፥ እድሳት የምንለውም ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ታደሰ ይባል ዘንድ አስቀድሞ የነበረው ከእድሳቱም በኋላ ሊገኝ ይገባዋል። በዘመናችን ግን «ቤተ ክርስቲያናችንን አደስን» የሚል የምሥራች ሰምተን ለመሳለም ስንሄድ፥ የቀድሞው ድንጋይ ከአጥሩ ጥግ ተከምሮ፥ በስፍራው ሌላ ሕንፃ ቆሞ የምናገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሥራው በጎ ሊሆን ይችላል፤ ግሡ ግን ያለ ቦታው ገብቷል።

ጉዳዩ የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው ተማሪዎች በተውነው ነበር። ነገር ግን የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሆነው የተመረጡ ካህናትና ሽማግሌዎች ገንዘቡን በእጃቸው ይዘው፥ «እናፍርሰው ወይስ እናድሰው? ብናድሰውስ ፊቱን ምን እናልብሰው?» ብለው በሚማከሩበት ሰዓት የሚወስኑት ነገር ተመልሶ የማይገኝ ነው። አሁን የምንጽፈው በተለይ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፥ ማለት ስለ ሕንፃ ገጽ ነው። የሕንፃ ገጽ ስንል ዝናም፥ ፀሐይና የሰው ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፉበትን የውጭውን ግድግዳ ማለታችን ነው፤ ፈረንጆች ፋሳድ የሚሉት ይህን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ከተማ ወደ ሪያድ መሄዳችን አንዳንዱን አንባቢ ሊያስደንቀው ይችላል። ምክንያቱ ግን ቅርብ ነው። በሪያድ የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ብዙዎች ናቸው፤ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ስእለታቸውን የሚያደርሱት ለተወለዱበት አጥቢያ ወይም ለሚሳለሙት ገዳም ነው። ከወር ደመወዛቸው ቈጥበው የሚልኩት ገንዘብም ብዙ ጊዜ ለሕንፃ ይውላል። ከገንዘቡ ጋር ደግሞ አሳብ አብሮ ይመጣል፤ «እዚያ እንዳየነው ያለ፥ በእብነ በረድና በመስተዋት የተሸፈነ፥ የሚያበራ ሕንፃ ይሁንልን» ይላሉ። ስጦታው የእንባና የላብ ስለሆነ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን እነዚህ ምእመናን በየዕለቱ በአጠገቧ የሚያልፉባት የአሮጌዪቱ ሪያድ ታሪክ ከሚያበራው መስተዋት ይልቅ የሚያስተምር ነገር አላት። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያሠራ ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ዘንድ ብልሃተኞችን ማስመጣቱን ያነበበ ሰው፥ የግንበኛ ጥበብ ከየትም አገር ቢመጣ ሊመረመር እንደሚገባው ያውቃል።

ሪያድ የሚለው ስም በዐረብኛ የአትክልት ስፍራዎች ማለት ነው። ከተማዪቱ ነጅድ በሚባለው ደጋማ በረሃ ላይ ትገኛለች፤ ዛሬ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለባት። እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ግን በጭቃ ቅጥር የተከበበች ትንሽ ከተማ ነበረች። ቤቶቿም የጭቃ ነበሩ። ዋዲ ሐኒፋ ከሚባለው ሸለቆና ከመሳሰሉት ስፍራዎች የሚወጣው አፈር ከገለባ ጋር ቦክቶ፥ በጡብ ቅርጽ ተበጅቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ግእዛችን ግንፋል የሚለው ነው። በዚህ ጡብ ወፍራም ግድግዳ ይገነባል፤ በላዩም አሥል ከሚባለው የበረሃ ዛፍ የተገኘ አግዳሚና የተምር ዝንጣፊ ተረብርቦ በጭቃ ይደፈናል። በመጨረሻ ግድግዳው ሁሉ ከገለባ ጋር በተለወሰ ጭቃ ይመረጋል። መረገ የሚለው ግስ በግእዝም በአማርኛም አንድ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ የነዚህን ቤቶች ገጽ እንመልከት። ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ በሦስት ማዕዘን የተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ብርሃንና ነፋስ ያስገባሉ፥ የበጋውን ሐሩር ግን ያስቀራሉ። በዚያ አገር የበጋ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ትልቅ መስኮት ለባለቤቱ ምድጃ እንደ መክፈት ነው። የግድግዳው ጫፍ እንደ ደረጃ እየጠበበ በሚወጣ ሦስት ማዕዘን ያጌጠ ነው፤ ዝናም በመጀመሪያ የሚመታው እርሱ ስለሆነም በነጭ ጄሶ ይለሰናል። ከጣሪያው ሥር ወደ ውጭ የወጡ የእንጨት አሸንዳዎች ውሃውን ከግድግዳው አርቀው ይወረውሩታል። ከሩቅ ሲያዩት ጌጥ የሚመስለው ሁሉ የየራሱ ሥራ አለው። ገጹ የሕንፃው ልብስ ብቻ ሳይሆን ቆዳው ነው፤ ያላበዋል፥ ይተነፍሳል፥ ሲቈስልም ይታከማል። ከዝናሙ ወራት በኋላ ባለቤቱ የታጠበውን እየለየ መልሶ ይመርገዋል። የጭቃ ቤት ሰው ሳይለየው ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ሰው ሲለየው ግን ፈጥኖ ይፈርሳል።

ከነዚህ ሕንፃዎች በታሪክ የታወቀው መስመክ የሚባለው ምሽግ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጭቃ ጡብ የተሠራ፥ በአራት ማዕዘኑ ክብ ግንቦች ያሉት ነው። በትልቁ የእንጨት በር መካከል ሰው ጐንበስ ብሎ ብቻ የሚያልፍበት ትንሽ መዝጊያ አለ። በጥር 1902 በኋላ የሳውዲ ዐረቢያ ንጉሥ የሆኑት ዐብዱልዐዚዝ ይህን ምሽግ በሌሊት በተጀመረ ውጊያ ስለያዙት፥ የመንግሥታቸው መነሻ ተደርጎ ይቈጠራል።

ከዚያ በኋላ ነዳጅ ዘይት ተገኘ። በ1950 አካባቢ የከተማው ቅጥር ፈረሰ፤ መኪና የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ ተፈለገ፤ የሲሚንቶ ሕንፃዎች ተነሡ። በ1968 ዶክሲያዲስ የተባሉት የግሪክ የከተማ ፕላን ሊቅ ተጠርተው ፕላኑን አወጡ፤ በ1973 ጸደቀ፤ ከተማዪቱም በቀጥተኛ ጐዳናዎች እየተከፈለች በሜዳው ላይ ተዘረጋች። ባለ ጭቃ ቤቶቹ ወደ አዲሱ ሰፈር ወጡ፤ የተዋቸውን ቤቶች የሚመርጋቸው ጠፋና በየዓመቱ እየተናዱ ሄዱ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ጭቃውን የድህነት ምልክት አድርገው ቢያዩት አይፈረድባቸውም። እኛም ዛሬ የሣር ክዳንንና የጭቃ ግድግዳን የምናየው በዚሁ ዐይን ነው።

ሆኖም አንድ ትውልድ ሳያልፍ ፀፀት መጣ። የከተማው ባለሥልጣናት የአሮጌውን ከተማ እንብርት፥ ቀስር አል-ሑክም የሚባለውን የአገዛዙን ቤተ መንግሥት አካባቢ እንደገና ለማልማት ተነሡ። ከዋናዎቹ ሕንፃዎች አያሌው ቀድመው ፈርሰው ስለነበረ «እናድስ» ማለት አይቻልም ነበር፤ የሚታደስ የለምና። የዋናውን መስጊድና የቤተ መንግሥቱን ንድፍ ያወጡት ራሲም በድራን የተባሉት የዮርዳኖስ አርክቴክት ናቸው። ሥራው በ1992 ተፈጸመ፤ በ1995ም የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ተሰጠው።

በድራን ምን አደረጉ? አዲሱ ሕንፃ የብረትና የሲሚንቶ አጽም ያለው ነው፤ ጭቃ አይደለም፤ ጭቃ ነኝም አይልም። ውጩ የተሸፈነው የነጅድን አፈር በሚመስል በአገሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ግድግዳው ወፍራምና ጸጥ ያለ፥ ቀዳዳው ትንሽና ሦስት ማዕዘን ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ድንጋዩ አይደለም። መስጊዱ፥ ቤተ መንግሥቱ፥ አደባባዩና ገበያው ጥንት እንደነበሩበት ተጠጋግተው እንዲቀመጡ፥ ሰውም ከጠባብና ከጥላማ መተላለፊያ ወደ አደባባይ ድንገት እንዲወጣ አድርገዋል። ጥንታውያኑ ግንበኞች ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠይቀው፥ ምክንያቱን ወስደው በሌላ ቁስ ሠሩት። ከፈረሰው ቅጥር በሮች አንዱም በስፍራው እንደገና ተሠርቷል፤ ለኔ እንደሚመስለኝ ይህኛው ከመታሰቢያነት የሚያልፍ ጥቅም የለውም፤ ቅጥር የሌለው በር ወዴት ያስገባል?

በዚያው ሰፈር መስመክ ግን በሌላ ሥርዓት ተያዘ። ቆሞ የነበረ ስለሆነ በድንጋይ አልተሸፈነም፤ ተጠግኖ በጭቃው እንደ ተመረገ ኖረ፤ በ1995 ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ። ከሪያድ በሰሜን ምዕራብ በኩል የምትገኘው ዲርዒያ ደግሞ ሦስተኛውን መንገድ ታሳያለች። ይህች የቀድሞዋ የሳውዲ መንግሥት መቀመጫ በ1818 በኢብራሂም ፓሻ ጦር ተደመሰሰች፤ ጡረይፍ የሚባለው ሰፈሯ በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በዚያ የፈረሱት ግድግዳዎች ከፊሎቹ ወደ ሙሉ ቤትነት አልተመለሱም፤ ዝናም እንዳይበላቸው አናታቸው በጭቃ እየተደፈነ ፍርስራሽነታቸው ተጠበቀ፤ ለሚጐበኘውም ሰው የመተላለፊያ መንገድ ተሠራ። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ የቆመው ተመርጎ ቆየ፤ የወደቀው እንደ ወደቀ ተጠበቀ፤ ፈጽሞ የጠፋው በአዲስ ቁስ በጥንቱ ሥርዓት ታነጸ። ሦስቱም እንደየሁኔታው የተመረጡ ናቸው።

አራተኛም መንገድ አለ፤ እርሱ ግን የሚመሰገን አይደለም። የነጅድ መልክ ከተከበረ ወዲህ የሦስት ማዕዘኑን ቅርጽ በማንኛውም የሲሚንቶ ቤት ፊት ላይ መለጠፍ የሚቻል ሆኗል። ጫፉ ላይ ያለው ጌጥ ውሃ አይከላከልም፤ ቀዳዳውም አየር አያስገባም፥ ተደፍኗልና። ይህ ጭምብል ነው። በአውሮፓ ከተሞችም፥ ይልቁንም በብራስልስ፥ የአሮጌውን ቤት የፊት ግድግዳ ብቻ በድጋፍ አቁሞ ኋላውን ሁሉ በማፍረስ ከበስተ ጀርባው የቢሮ ሕንፃ መሥራት ልማድ ሆኖ ነበር። መንገደኛው የቀድሞውን ቤት ያየ ይመስለዋል፤ በሩን ከፍቶ ሲገባ ግን ሌላ ቤት ነው።

ከዚህ ወደ አገራችን እንመለስ። የኛ አባቶች በሕንፃ ገጽ አያያዝ ከማንም ያነሰ ጥበብ አልነበራቸውም። ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አንድ ረድፍ ድንጋይ፥ አንድ ረድፍ እንጨት እየሆነ መሠራቱን ያያል። ከግድግዳው የሚወጡትን የእንጨት ጫፎች ሕዝቡ የዝንጀሮ ራስ ይላቸዋል። እነርሱም እንደ ሪያድ አሸንዳ ለጌጥ ብቻ የተደረጉ አይደሉም፤ የውጭውንና የውስጡን የግድግዳ ፊት አያይዘው የሚይዙ ማሠሪያዎች ጫፍ ናቸው። በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ሥርዓት ጥቁሩን የእንጨት ረድፍ ከነጩ ልስን ጋር እያፈራረቀ የቆመ ነው። ወደ ላሊበላ ወርደን ቤተ አማኑኤልን ስናይ ደግሞ ያንኑ የረድፍ መልክ በአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ እናገኘዋለን። በአለት ውስጥ የሚታሠር እንጨት የለም፤ ጠራቢዎቹ ግን የአክሱምን ሕንፃ ሥርዓት ወደ ሌላ ቁስ አሻገሩት። በድራን በሪያድ ያደረጉትን የላሊበላ ጠራቢዎች ከስምንት መቶ ዓመት በፊት አድርገውታል ማለት ነው።

በእድሳት ረገድ ግን በጎውም ክፉውም ደርሶብናል። ደብረ ዳሞ በ1948 እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ በመሩት ሥራ ሲጠገን የጥንቱ የእንጨትና የድንጋይ ሥርዓት ሳይለወጥ ቆይቷል። በላሊበላ በ1950ዎቹ በተደረገው ጥገና ግን ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ አለቱ በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀባ። አሳቡ ቅን ነበር። ነገር ግን አለቱ ከውስጥ የያዘውን እርጥበት የሚያወጣበት ቀዳዳ ተደፈነበት፤ መልኩም ተለወጠ። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በመሩት ሥራ ይህ ቅብ እንዲነሣ ተደረገ። የመቀባቱ ሥራ በአጭር ጊዜ የተፈጸመ ነበር፤ ሳይጐዱ ማንሣቱ ግን ብዙ ድካም ጠየቀ። በ2008 በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ትላልቅ የብረት መጠለያዎችም ዝናሙን ቢከለክሉም፥ በሕዝቡ ዘንድ ያስነሡት ሥጋትና ክርክር የታወቀ ነው።

በጐንደርም እንዲሁ ሆኗል። የፋሲል ግቢ ግንቦች በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲጠገኑ ሲሚንቶና ብረት ያለበት ሲሚንቶ ገብቶባቸው ነበር፤ በኋላ በተደረገው እድሳት ግን ወደ ኖራው ተመለሱ። ሲሚንቶ ክፉ ነገር ስለሆነ አይደለም። በሥራው ላይ በቦታው ሲውል እጅግ የጠነከረ ነው፤ ጥፋቱም ከዚሁ ጥንካሬው ይመጣል። በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የሳበውንም በገጹ በኩል ወደ ነፋስ ይለቅቃል። ገጹ በሲሚንቶ ሲለበጥ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከልባሱ ኋላ ተከማችቶ ጭቃውን ያለሰልሰዋል፥ ጨውም ያወጣል። ከውጭ ሲያዩት ግድግዳው ደረቅና የጸና ነው፤ በእጅ ሲመቱት ግን እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልባሱ በትላልቅ ገበታ ይወድቃል፤ ሲወድቅም የአሮጌውን ግድግዳ ሥጋ ይዞ ይወርዳል። የዘይት ቀለምም ጥፋቱ ይኸው ነው። ስለዚህ የግንበኞች ሕግ፥ ልባሱ ከግድግዳው የለሰለሰ ይሁን ይላል፤ ሊያልቅ የሚገባው ልባሱ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለምና።

ይህ ለክብ አብያተ ክርስቲያናት ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ ነው። በጐጃም፥ በበጌምድርና በጣና ደሴቶች ያሉት አብያተ ክርስቲያናት እውነተኛ ገጻቸው በውጭ አይደለም። የውጭው የቅኔ ማኅሌት ግድግዳ ትሑት ነው፤ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከእግሩ እስከ ራሱ በሥዕል የተሸፈነ ሆኖ ይገኛል። ብዙው ሥዕል ጭቃ በተመረገ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሸማ ላይ የተሣለ ነው። ግድግዳው ሲረጥብ ማጣበቂያው ይለቅቃል፤ ሸማው ይላቀቃል፤ ሥዕሉ ይረግፋል። በውጭ የተደረገው የሲሚንቶ ልስንና የወለል ንጣፍ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ሊገፋው ስለሚችል፥ ኮሚቴው የውጩን ለማሳመር ሲል የማያስበውን የውስጡን ሥዕል ያጠፋል።

የጣሪያውም ነገር ከገጹ አይለይም። የሣር ክዳን ከግድግዳው ርቆ ይወርድ ስለነበረ ጠብታው ከግድግዳው እግር ሩቅ ይወድቅ ነበር። ቆርቆሮ ሲተካ ግን ቁሱን ለመቈጠብ ሲባል ጠርዙ ያጥራል፤ አሸንዳም ይረሳል። እንግዲህ ውሃው ከግድግዳው ሥር እየፈረጠ ጭቃውን ይበላዋል። ሪያድ በዓመት የምታገኘው ዝናም ወደ 100 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፥ ጐንደር ከ1000 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ዝናም ያገኛል። በዚያ አገር ጠፍጣፋ ጣሪያና ጠርዝ የሌለው ግድግዳ ብልኅነት ነው፤ በኛ ደጋ ግን ሰኔ ሳያልቅ ፍርድ ይሰጠዋል። ከሪያድ የሚመጣው አሳብ የሚጠቅመን እንደ ተነሣበት ምክንያት እንጂ እንደ መልኩ አይደለም።

ካህናት ስለ ግድግዳ መመርመር ምን አግብቶን ይሉ ይሆናል። ኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 14 ያነበበ ግን እንዲህ አይልም። በዚያ ስለ ቤት ለምጽ ተጽፏል። ሊቃውንት ምሥጢሩን ለነፍስ ይተረጕሙታል፤ ንባቡ ግን የግንበኛ ጥበብ የሞላበት ነው። ባለቤቱ በቤቱ ደዌ መሰል ነገር ባየ ጊዜ የሚሄደው ወደ ካህኑ ነው። ካህኑ አስቀድሞ ዕቃው እንዲወጣ ያዝዛል፤ ከዚያም ገብቶ በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ወደ ውስጥ የጐደጐደ ነገር እንዳለ ያያል። እርጥበት የያዘው ግድግዳ ዛሬም የሚታየው በዚህ መልክ መሆኑን ልብ ይሏል። ካየም በኋላ ወዲያው አያፈርስም፤ ሰባት ቀን ዘግቶ ይጠብቃል። ተመልሶ ሲያየው ሰፍቶ ከሆነ ደዌው ያለባቸው ድንጋዮች ብቻ ይወጣሉ፤ ልስኑ ይፋቃል፤ ሌላ ድንጋይ ይተካል፤ በሌላ ጭቃ ይመረጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ደዌው ዳግመኛ ከወጣ ብቻ ቤቱ እንዲፈርስ ይታዘዛል። ማፍረስ የመጨረሻው ነገር ነው፤ በመካከል ማየት፥ መጠበቅ፥ መለየትና መጠገን አሉ። በዛሬው ልማዳችን ግን መጠበቁም መለየቱም ተዘልሎ በአንድ እሑድ ጉባኤ ወደ ማፍረሱ ይደረሳል።

ሰባቱ ቀን ለኛ አንድ ክረምት ቢሆን ይሻላል። ቤተ ክርስቲያኑ ተሰነጠቀ ሲባል አስቀድሞ ስንጥቁ የቆመ ወይም የሚሄድ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ግንበኞች በስንጥቁ ላይ ጥቂት ጄሶ እንደ ማኅተም ያሳርፉና ቀኑን ይጽፉበታል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ጄሶው ሳይሰበር ከተገኘ ስንጥቁ የጥንት ነው፥ ሕንፃውም ከቆመ ቆይቷል። ከተሰበረ ደግሞ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከግድግዳው እግር ሥር ነው እንጂ በግድግዳው ላይ አይደለም። በብዙ አጥቢያ የመቃብሩ አፈርና የዘመናት ደለል ተከማችቶ ቅጥረ ግቢው ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ከፍ ብሏል፤ ውሃው ወደ መሠረቱ ይፈስሳል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ውድ እብነ በረድ ሳይሆን አፈሩን በጥንቃቄ ዝቅ ማድረግ፥ ቦይ መቅደድና አሸንዳ መስቀል ነው። ዋጋው ትንሽ ስለሆነና ለዐይን ስለማይታይ ለእንዲህ ያለው ሥራ ስሙን ሊያስጽፍ የሚሻ ለጋሽ ጥቂት ነው።

ሕዝቡ በዝቶ አሮጌው ቤት ካልበቃስ? ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ መልሱም በአክሱም አለ። በዐፄ ፋሲል የታነጸችው አሮጌዪቱ የጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሳትነካ፥ በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ዘመን ሰፊዪቱ አዲሲቱ ጽዮን በአጠገቧ ተሠርታ በ1965 የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ በተገኙበት ተመረቀች። ሴቶች ወደ አሮጌዪቱ ስለማይገቡ አዲሲቱ ለሁሉም ሆነች። በዚህ ሐነጸም ሐደሰም እየራሳቸው ቦታ አገኙ። ስለ አዲሲቱ መልክ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል፤ የኔም አስተያየት ሁሉ ምስጋና አይደለም፤ ነገር ግን በአሮጌዪቱ ላይ ጭምብል ከማልበስ ወይም እርሷን ከማፍረስ እጅግ የተሻለ ነው።

በሕግም በኩል ቢሆን ኮሚቴ ብቻውን የሚወስነው አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን መጠገንና ማደስ አስቀድሞ የባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲያስፈልገው አድርጓል። ይህን እንደ መከልከል የሚያዩት አሉ፤ ነገር ግን በፈቃድ ስም የሚመጣው ባለሙያ ለአጥቢያው በነጻ የተገኘ አማካሪ ነው። ከመምጣቱ በፊት ማኅበረ ካህናቱ ራሳቸው ሊያደርጉት የሚገባ ነገርም አለ። የአራቱን ማዕዘንና የሥዕሎቹን ሁሉ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ ልስኑ ከምን እንደ ተሠራ የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ጠይቆ መጻፍ፥ ምን ያህል ጭድ እንደሚገባበትና ስንት ቀን እንደሚቦካ መመዝገብ ነው። ይህ ዕውቀት በወረቀት ስለማይገኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራል።

ከሪያድ ወይም ከሌላ አገር ገንዘብ የላከ ምእመን «ሥራው የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ አባቶች በድፍረት ሊያሳዩት የሚችሉት የመጀመሪያ ሥራ የሚከተለው ቢሆን ይጠቅማል። ክረምት ከመግባቱ በፊት፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ዝናም አጥብቆ በሚመታው በኩል፥ ሥዕል ከሌለበት ስፍራ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ይለካል። የተላቀቀው ልስን ብቻ በእጅ ይነሣል። ከአካባቢው አፈር በጤፍ ጭድ የቦካ ጭቃ፥ ወይም ግድግዳው የኖራ ከሆነ ኖራ፥ በቀድሞው ውፍረት ይመረግበታል፤ ቀኑና የቅልቅሉ ልክ በደብሩ መዝገብ ይጻፋል። ከዚያ በሰኔ፥ በነሐሴና በመስከረም እየሄዱ ማየት ነው። ያ አንድ ክንድ ስፍራ ሳይሰነጠቅና ሳይረግፍ ጥቅምት ከደረሰ የቀረው ግድግዳ በዚያው ልክ ሊመረግ ይችላል፤ ካልደረሰ ቅልቅሉን ለውጦ ሌላ ክረምት መጠበቅ ነው።